የጓዳችን በር

ወንድም ጋሼ፣ ከሥራህና ከቤተሰብህ ጋር እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬ ጉልበት ብቻ አላስነሳ ብሏታል።

ቤቱን «ባገኛችሁት ዋጋ ሽጡት» ያልከውን አንብቤላታለሁ። ገበያው ግን ሞቷል። ደላላው ሲሰለቸው፣ «በኪራይ ይግባና ኪራዩ ከዋጋው እየታሰበለት በሦስት ዓመት ይግዛው» ብሎ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አመጣ።

ሰውየው ሳልመራው ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳ ሄደና እጀታውን ይዞ በሩን ወደ ላይ አንሳ አድርጎ ገፋው። ካልተነሳ እንደማይከፈት ከአንተ፣ ከእኔና ከእማዬ በቀር ማን ያውቃል? እንዴት እንዳወቀ ብጠይቀው «እንዲሁ ገመትኩ» አለኝ። እማዬ «ጎበዝ ነው!» ብላ ሳቀች። እሷም እኔም ግን ለማንም አልነገርንም።

እኔ በማግስቱ አናጢ ጠርቼ በሩን አሠራሁት፤ አሁን እንደ ማንም ሰው በር ይከፈታል።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የውጪውንም ቁልፍ ቀይሬዋለሁና ስትመጣ አንኳኳ።

ታናሽ እህትህ