ስለ ላቦራቶሪ ባልደረባችን ስለ እታለም ሞት፣ ስለ ሥራቸውም፣ ስላልፈጸምነው ደብዳቤም

ለሆስፒታላችን ሠራተኞች፣ ለታካሚዎቻችንና ለመላው ኅብረተሰብ፦

የላቦራቶሪ ክፍላችን ከፍተኛ ቴክኖሎጂስት፣ ሁላችንም «እታለም» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው በራሳችን ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል አርፈዋል። የተሰማን ሐዘን ከባድ ነው። ጸጸትም አለበት።

እታለም ሥራ የጀመሩት በሃያ አራት ዓመታቸው ደም በመቅዳት ነበር። እጃቸው ከመቅለሉ የተነሣ፣ መርፌ የሚፈሩ ልጆች ያሏቸው እናቶች ተራቸውን ለሌላ እየለቀቁ እርሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

በሰባተኛው የሥራ ዓመታቸው፣ ሉፐስን፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካልን የሚያጠቃበትን ሕመም፣ የሚያሳየውን የደም ምርመራ በሆስፒታላችን አስጀምረዋል። ቀድሞ ናሙናው ሌላ ከተማ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። በመካከሉ ኩላሊታቸው የተጎዳ ታካሚዎች ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ።

በአሥራ አንደኛው ዓመት የራሳቸው ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ፤ ጉንጫቸው ላይም ቀይ ሽፍታ ወጣ። ስም ያልተጻፈበት የደም ስላይድ አዘጋጅተው አብሯቸው የሚሠራውን ባልደረባ እንዲያይላቸው ጠየቁት። በማይክሮስኮፑ አይቶ፣ «የሉፐስ ምልክት አለው፤ የደሙ ባለቤት ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ» አላቸው።

«ዛሬማ ተረኛ ነኝ» ብለው መለሱለት። ደሙ የራሳቸው መሆኑ የገባው ትንሽ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ታካሚም ባለሙያም ሆነው አገልግለዋል። ከአሥራ አምስተኛው የሥራ ዓመታቸው ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል፣ እንደ እርሳቸው የታመሙትን ሰብስበው ያወያዩ ነበር። አንዲት ወጣት «አማቴ ይተላለፋል ብላ ብርጭቆዬን ለየችው» ብላ ስታለቅስ፣ እታለም ውሃዋን ከእጇ ተቀብለው ግማሹን ጠጡት። «ከማንም አልያዘሽም፣ ለማንም አታስይዢም። የገዛ ደምሽ ነው የተሳሳተብሽ። አማትሽን ይዘሻት ነይ፤ እኔ እነግራታለሁ» አሏት። አማትየዋም በሚቀጥለው ሐሙስ መጥተዋል።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሕመሙ ኩላሊታቸው ላይ ስለበረታ የመድኃኒታቸው መጠን ከፍ ተደረገ። መድኃኒቱ ሉፐስን የሚያስታግሰው የሰውነትን መከላከያ በማዳከም ስለሆነ፣ በዚያው ልክ ለተላላፊ በሽታ ያጋልጣል። ሐኪማቸው ይህን ጠቅሰው፣ እታለም የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) ለመለየት የአክታ ናሙና ከሚመረመርበት ክፍል በአስቸኳይ እንዲነሡ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የሰው ኃይል ጽሕፈት ቤታችን ደርሶ ማኅተም ተመታበት። «ተተኪ እስኪገኝ ይታገሡ» ተባሉ። ሁለት ጊዜ ተመልሰው ጠይቀዋል። በሁለተኛው ጊዜ «እኔስ እታገሣለሁ፤ ሳንባዬ ነው የማይታገሠው» ማለታቸውን የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ አስረድታናለች።

አራት ወር አለፈ። በአምስተኛው ወር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባቸው፤ ወደ አንጎላቸው ሽፋንም ተዛመተ። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አጣናቸው።

ነቀርሳው የት እንደያዛቸው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ደብዳቤው አራት ወር ሙሉ ሳይፈጸም መቀመጡ ግን እርግጥ ነው፤ ኃላፊነቱም የእኛ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ተተኪ ተገኘም አልተገኘም፣ የሐኪም ደብዳቤ በደረሰበት ዕለት ከሥጋት ቦታ ይነሣል። ትናንት ሁለት ባልደረቦቻችን ተነሥተዋል።

በመጀመሪያው ረቂቃችን ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልነበረም። የአምቡላንስ ሾፌራችን የሆኑት ባለቤታቸው አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን መለሱልንና፣ «ጥሩ ነው። ግን የሞተችበት ነገር የለበትም» አሉን። እንደገና ጻፍነው።

ለባለቤታቸው፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ልጃቸው፣ ልጃቸውን ቀብረው ለተመለሱት እናታቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሐሙስ ታካሚዎቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ይቅርታም እንጠይቃለን፤ ዛሬውኑ ይቅር በሉን ግን አንልም።

የሆስፒታሉ አመራርና ሠራተኞች