እንጦጦ ላይ ተሞክራ ያላለቀች መኪና

ደሬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር አለፈ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ የምነግርህ ነገር አለኝ፤ መኪና ገዛን። አትደንግጥ፣ ብቻዬን አይደለሁም። እንዲያውም የገዙት እናትህ ናቸው ብል ይቀላል።

ትንሿን ቀይ መኪናህን ሸጥኳት። ሁለት ጊዜ ልሸጣት ወጥቼ ሁለት ጊዜ ይዣት ተመልሻለሁ። ግን ምን ላድርግ? የእናትህ ቀኝ ጉልበት ጭራሽ አልታጠፍ አለ። እግራቸውን ካልዘረጉ አይቀመጡም፤ ቀይዋ ውስጥ ደግሞ እንኳን የሳቸው የኔም እግር ሲጨነቅ ነው የኖረው። አንድ ወንበር ሙሉ ለሳቸው ከለቀቅን ልጆቻችን፣ ሩትና መንትዮቹ፣ የት ይግቡ? ኮፈኑ ላይ?

በቀብርህ ዕለት ራሳቸውን ስተው ቤት እንደቀሩ አታውቅም። ከዚያ ወዲህም እንጦጦ ወጥተው መቃብርህን አላዩትም። ኮንትራት ታክሲ ልያዝልዎ ስላቸው «የሰው መኪና ውስጥ አላለቅስም» ይሉኛል። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ሳላወጣቸው ብቀር ለራሴ ይቅርታ አላደርግም አልኩ። ሰባት ሰው የምትይዝ፣ ያገለገለች፣ በእጃችን ባለው ብር የምትገኝ መኪና ፍለጋ ተነሣሁ።

አይ ደሬ! ሃያ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነህ ስትኖር ስንቱን ነገር በጆሮዬ አፍስሰህብኝ ኖሯል። «ሜዳ ላይ ሁሉም ፈረስ ነው፤ እንጦጦን በሙሉ ጭነት ሳትወጣ መኪና እንዳትገዢ» ትለኝ ነበር። «ደላላ ፊት ጥርስሽን እንዳታሳዪ፤ መውደድሽን ካወቀ አለቀልሽ» ትለኝም ነበር። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። አሁን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እየወጣሁ ጉርድ ሾላ ድረስ ስዞር ሥራዬ ብዬ የያዝኩት ያንን ምክርህን ብቻ ነው።

እናትህ ግን አስቸገሩኝ። የመጀመሪያዋን፣ መወጣጫዋ ከፍ ይላል አሉ። እሺ። ሁለተኛዋ ዝቅ ያለች ነበረች፤ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች አሉ። ሦስተኛዋ ንጽሕት ያለች ነጭ መኪና ነበረች፤ አንተን የወሰደህን አምቡላንስ መሰለቻቸውና ፊታቸውን አዞሩ። እሱንም ተረዳሁ። አራተኛዋን «ወንበሯ ይቆረቁራል» ሲሉ ግን ሳይቀመጡባት ነው ያሉት! ትዕግሥቴ አለቀ። ታውቀኝ የለ፣ «እማማ፣ መኪና ነው ወይስ ሙሽራ የምንመርጠው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። እናትህ ላይ ጮኽኩ፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። «ልጄ፣ መኪናው ከተገኘ መሄዴ ነው። ሄጄ ካየሁት ደግሞ ሞቷል ማለት ነው። አሁን እኮ ፊልድ የወጣ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ።

ክው አልኩ። አንተ ለመሥሪያ ቤቱ ፊልድ ስትወጣ ሃያ ቀን፣ ወርም ትቆይብን አልነበር? እሳቸው ያንኑ እያራዘሙ ነው የኖሩት። እኔ ጉልበታቸውን ሳስታምም ልባቸውን አላየሁትም። ምን ብዬ ልፍረድባቸው? እኔስ ቀይዋን ለገዛት ሰው ሳስረክብ ትርፍ ቁልፏ ጠፋብኝ ብዬ ዋሽቼው የለ? ቁልፉ ኮትህ ኪስ ውስጥ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ አብረን አለቀስን፤ ካልፈለጉ እንደማልወስዳቸውም ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ደላላው አንድ አመድማ መኪና ፈረንሳይ ሰፈር እቤታችን ድረስ ይዞ መጣ። በሯ ተሰርጉዷል፣ ዕድሜዋም ገፍቷል። ግን መወጣጫዋ ዝቅ ያለ ነው፣ በሯም እየተንሸራተተ ወለል ብሎ ይከፈታል። እኔ እንጦጦ ወጥቼ ልሞክራት ስል እናትህ ማንም ሳይጠራቸው በትራቸውን ይዘው መጡ፤ ገብተው እግራቸውን ዘረጉ። ልጆቹ ከኋላ ተደረደሩ። ጭነት እንኳን አልጎደለንም፣ ደላላው ብቻውን ኩንታል ነው።

አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጥግ ይዘው ሲያሳልፉን ዓይኔ ከሙቀት መለኪያዋ አልተነቀለም። መርፌዋ ወይ ፍንክች! አንተ ብታይ ኖሮ ታጨበጭብ ነበር። የተቀበርክበት ቤተ ክርስቲያን በር ስንደርስ ለሳቸው ፈራሁና ልዞር መሪውን ጠመዘዝኩ። እናትህ ትከሻዬን ነካ አድርገው «አቁሚ» አሉኝ።

በሩትና በኔ ተደግፈው መቃብርህ ድረስ ሄዱ። ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ስምህን ማንበብ ስለማይችሉ ሩት አነበበችላቸው። ከዚያ እንደ ድሮው ሊቆጡህ ጀመሩ። «ፊልድህ በዛ እኮ ልጄ። በዛብኝ» አሉህ። ሰምተሃቸው ይሆን? እኔ ልቤ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ግን ወደ መኪናዋ ስንመለስ እናትህ ቀለል ብሏቸው ነበር።

አሁን ዋጋ ልከራከር ነው። የበሩን ስርጉድ፣ የጎማውን ማለቅ በልቤ አዘጋጅቼ፣ አንተ እንዳስተማርከኝ ፊቴን አጨፍግጌ ወደ ደላላው ስዞር፣ እናትህ የመኪናዋን በር መታ መታ አድርገው «ይቺ ልጄ ጋ ያደረሰችኝ ናት፤ ወስደናታል!» አሉት። አለቀልኝ! ደላላው አብሮን ሲያለቅስ ቆይቶ ነበር፤ ዓይኑን ጠራረገና አንዲት ብር አልቀነሰም።

የቀይዋን ቁልፍ ለገዛት ሰው ወስጄ መለስኩለት። አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት እሁድ አለፈ። ሦስቱንም እሁድ እናትህ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው «እስቲ ያቺን መኪና እንሞክራት» ይሉኛል። ሊብሬው በስሜ ዞሯል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ምኗን ነው የምንሞክረው? አልጠይቃቸውም። ቁልፌን አነሣለሁ፣ ልጆቹም ቦታቸውን ይይዛሉ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ከኔም በኋላ ሩት መሪ እስከያዘች ድረስ ያ አቀበት አይቀርም፤ ቃሌ ነው። አንተ ብቻ ጠብቀን ዓለሜ። መኪናዋን ገና ሞክረን አልጨረስናትም፤ እየሞከርናት ነው።

ሚስትህ ሰብለ