መሃሉ ጠንካራ፣ ጎኑ ለስላሳ ጎማ

መካነ ሰላም
ኅዳር 8 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ያ የክረምቱ ሳል በዚህ በአቀስታ ውርጭ ተመልሶ አልያዝዎትም? ካራ የቆረጠው አውራ ጣትዎስ ድኖ ሥራ ይዞልዎታል? እኛ እሱ የተመሰገነ ይሁንና ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስል ከድሮው በአንድ ሰው ጨምረናል፤ እሱን በቦታው እነግርዎታለሁና ዘለው ወደ ታች እንዳያነቡ። ቀስ ብለው እንደሚያነቡ ስለማውቅ ፊደሉን አጉልቼ ጽፌዋለሁ።

በሳምንት ሦስት ቀን በደጅዎ እያለፈ ደብዳቤ የሚጽፍልዎት ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከየጤና ጣቢያው የተሰበሰበውን የደምና የአክታ ናሙና በበረዶ ሣጥን አስሬ ወደ ደሴ ስሄድ፣ እርስዎ ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጠው የአሮጌ መኪና ጎማ ለበረባሶ ሲቆርጡ አይዎታለሁ። ማርሽ እቀንሳለሁ። እግሬን ላወርድ እልና ያ የተናገርኩት ቃል ትዝ ሲለኝ እንደገና ነዳጅ ሰጥቼ እሄዳለሁ። ስልክ እንደሆን ደህና ነኝ፣ ደህና ሁን ብለው ወዲያው ነው የሚዘጉት። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል አልኩ።

ያን ቀን ላንሳው፤ ሳላነሳው ይቅርታ ብል ይቅርታው ባዶ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁን መጥተው፣ እኔም ጎማ ልገዛ ወደ አሕመዲን መለዋወጫ ሱቅ ይዤዎት ሄድኩ። ሞተሬን ያውቋታል፤ እንደ ፈረስ ጋላቢ ጎንበስ ተብሎ የምትነዳ፣ ለፍጥነት የተሠራች ናት። ከራሷ ጋር የመጣው ጎማ ለስላሳ ነበር። መሬት ሲይዝ ግሩም ነው፤ ግን የደሴ ምልልስ በሁለት ወር ጨረሰው። እኔም ተናድጄ፣ የማያልቅ ጎማ ካለ ከሰማይም ቢሆን አምጣ ብዬ ነበር አሕመዲንን።

እርስዎ ያለቀውን ጎማ አነሱና አገላብጠው አዩት። የሰው በረባሶ አይተው የባለቤቱን አካሄድ እንደሚናገሩት ሁሉ የእኔንም አነበቡት። መሃሉ ጠፍጥፎ ጠረጴዛ ሆኗል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ግን ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ፀጉር እንኳ አልረገፈም አሉ። ይህ ልጅ ጎማውን የሚጨርሰው ቀጥ ባለው መንገድ ነው፤ ሲታጠፍ ነፍሱን የሚይዝለት ግን ጎኑ ነው፤ ስለዚህ መሃሉ የጠነከረ፣ ጎንና ጎኑ የለሰለሰ ካለህ እሱን ስጠው አሉት። አሕመዲንም እንዲህ ያለ ጎማ መኖሩን፣ ከደሴ ካላስመጣው በቀር ግን በእጁ እንደሌለ ነገረን።

እኔ ልቤ ሌላ ጋ ነበር። ጥግ ላይ የተደገፈ ደረቅ ጎማ አይቼ ጥፍሬን ጫንኩበት፤ አልገባም። ያገራችን ሰው ገበያ ላይ በረባሶ ሲመርጥ ጥፍሩን ሳይጭን አይገዛም፤ ጥፍር የማይቀበል ጎማ ልጅ ይወርሰዋል ይባላል። ይህን ያስተማሩኝ ራስዎ ነዎት፤ እኔም በእርስዎው ትምህርት ልረታዎት ፈለግሁ። እርስዎ ሳቅ ብለው፣ ለእግር የሚሆን ለሞተር አይሆንም፣ እግር ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ በዚያ ላይ በእኛ ብርድ ደረቅ ጎማ ከድንጋይ አይለይም አሉ። ያን ጊዜ ነው ሁለት ደንበኞች በቆሙበት፣ እርስዎ የሚያውቁት የሞተ ጎማ ነው፣ የሚሽከረከረውን ለእኛ ይተዉልን ያልኩት።

ጋቢዎን ትከሻዎ ላይ አስተካክለው ወጡ። ባለቤቴ የትምወርቅ ምሳ አቅርባ ስትጠብቀን እርስዎ በስምንት ሰዓቱ ሚኒባስ ተሳፍረው ነበር። እህል ሳይቀምሱ ከቤቴ ሄዱ። የትምወርቅ የሆነውን ስነግራት ሰሐኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስከ እሁድ ድረስም ከጨው አቀብለኝ በቀር ቃል አልተነፈሰችልኝም። እውነቷን ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን የሰደብኩት ያሳደገኝን ሙያ መሆኑ ነው። አባቴ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መልኩን አላውቀውም። እርስዎ እናቴን ሲያገቡ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ ልጆች ይስቁብኛል፣ በረባሶ አላደርግም ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። በረባሶ ሠሪው እርስዎ ገበያ ወርደው ሸራ ጫማ ገዙልኝ። እኔ ውለታውን የመለስኩት እንዴት ነው? ልጆቹ ያ ሰውዬ ማነው ሲሉኝ የእናቴ ባል ነው እላቸው ነበር። ጋሼ እያልኩ የጠራሁዎትም ለአክብሮት ብቻ እንዳልነበረ ሳያውቁት አይቀሩም። ሌላ ስም እንዳልጠራዎት ብዬ ነው።

ደረቁን ጎማ ገዛሁት። ሚያዝያና ግንቦት መሬቱ ደረቅ ስለነበረ ጎማው አንዲት ጥርስ አልጎደለበትም፤ እኔም ብቻዬን እየነዳሁ ብቻዬን እረታዎት ነበር። በሰኔ መጨረሻ ከአቀስታ ወዲህ ያለችው ጠመዝማዛ ላይ ስደርስ በረዶ ዘንቦ አስፋልቱን አልብሶት አገኘሁ። ፍሬን አልነካሁም፣ አልፈጠንኩም። ዘንበል ከማለቴ የኋላው ጎማ ጥሎኝ ሄደና ራሴን ከቦይ ውስጥ አገኘሁት። አራጌ የሚባሉ ገበሬ በሬዎቻቸውን ትተው ሮጠው አወጡኝ። ደሜን ካበሱልኝ በኋላ ጎማውን በጥፍራቸው ጫን አድርገው፣ ጎማስ ደህና ጎማ ነው፣ ለበረባሶ ቢሆን አሥር ዓመት ይሄዳል አሉኝ። በዚያ ሕመም መሃል ሳቄ መጣ። ናሙናው አልተነካም፤ እኔም ከጉልበቴና ከክርኔ ቆዳ በቀር ምንም አልሆንኩ።

ሳቄ ግን አልቆየም። የትምወርቅ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የልብሴን ጭቃ እየጠረግሁ፣ ልጄም እንደኔ የአባቱን መልክ ሳያውቅ ሊያድግ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እኔ እርስዎን አገኘሁ፤ የእኔ ልጅ እርስዎን የመሰለ ሰው ባያገኝስ? መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። አቶ አራጌ ያመመኝ መስሏቸው አብሽር፣ ቁስል ይድናል እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኝ ነበር።

በማግስቱ አሕመዲን ጋ ሄድኩ። ነገሬን ሳልጨርስ ከጓሮ ሁለት ጎማ ይዞ ወጣ፤ መሃላቸው ጠንካራ፣ ጎናቸው ለስላሳ። ከግንቦት መጀመሪያ ጀምሮ ሰው ሲጠይቀው የተያዘ ነው እያለ አስቀምጧቸው ኖሯል። ማን አዘዛቸው ስለው፣ አብሽር፣ ዋናው መምጣታቸው ነው፣ ቃል ገብቻለሁና ወላሂ አልናገርም አለኝ። ከደሴ የሚመጣ ዕቃ በአቀስታ ነው የሚያልፈው። መጠቅለያውን ስገልጥ በአንደኛው ጎማ ጎን ላይ በጠመኔ የተሰመረች፣ ጫፏ ትንሽ የታጠፈች መስመር አየሁ። የግራውን በረባሶ ከቀኙ ለመለየት ከመቆረጡ በፊት የምትሰመረዋን ምልክት ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሳያት ነው የኖርኩት። አሕመዲንን ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁትም፤ እርስዎንም አልጠይቅዎትም።

ጎማው እንደ ደረቁ የሚበረክት አይደለም፤ እንደ መጀመሪያውም ቶሎ አልሄደም። የኋላው አሁን ገና ወደ ማለቁ ነው፣ የፊቱ ብዙ ይቀረዋል። ጠዋት ጠዋት ንፋሱን ሳልለካ አልነሳም፤ ጎማው ሞቅ እስኪለው ድረስም እንደ ሙሽራ አጃቢ ዝግ ብዬ ነው የምነዳው። በነሐሴ ያችው ጠመዝማዛ ላይ እንደገና በረዶ ገጠመኝ። በዚያ ላይ አንድ ከብት የጫነ መኪና የእኔን መስመር ይዞ መጣብኝ። ከቦዩ አፍ እስክደርስ ዘንበል አልኩ፤ ጎማው ያዘ። ከዚያ አቀስታ ገብቼ በደጅዎ ሳልፍ ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴን አልነበረም ያዩት፤ ወደ ጎማው ነው የተመለከቱት። በእጅዎ የያዙትን አልቆረጡም፣ ለሰላምታም እጅዎን አላነሱም፣ እስክርቅ ድረስ ግን ዓይንዎ ከጎማው አልተነሳም።

ጋሼ፣ አመሰግንዎታለሁ። ስለ ጎማው፣ ስለ ሸራ ጫማው፣ ሰድቤዎት እንኳ ስለ ነፍሴ ስለተጨነቁልኝ። እናቴ ካረፈች በኋላ እኔንና እርስዎን የሚያስተሳስር ሥጋ የለም። ቢተዉኝ ማንም አይወቅስዎትም ነበር፤ አልተዉኝም። ይህን ደብዳቤ ረቡዕ ሳልፍ ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ ዝናሽ ሰጥቻቸው እሄዳለሁ። ዓርብ ግን እቆማለሁ፤ ሞተሯን አጥፍቼ ጉልበትዎን እስማለሁ።

አሁን ወደ ጨመርነው ሰው ልምጣ። ጥቅምት 12፣ ለሚካኤል ዕለት፣ የትምወርቅ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ በስልክ ልነግርዎት ስምንት ጊዜ ቁጥርዎን ነክቼ ስምንቴ ተውኩት። ክርስትናው ኅዳር 21፣ የጽዮን ዕለት ነው። ጾም ስለሚሆን በግ አይታረድም፤ በሹሮና በተልባ ነው የምንቀበልዎት።

አንድ ችግር ግን አለብን። ልጁ ስም የለውም፤ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ እንኳ ሕፃን ተብሎ ብቻ ነው የተጻፈው። በእኛ ዘንድ ስም የሚያወጣው የአባት አባት እንደሆነ ያውቃሉ። ባለፈው እሁድ የባለቤቴ አባት አቶ ፈንታው ከወግዲ መጥተው፣ ልጁ እስከ መቼ ስም አጥቶ ይቆያል፣ ከፈቀዳችሁ እኔ ላውጣለት አሉኝ። አያቱ ገና አልመጡም አልኳቸው። አባቴ ድሮ መሞቱን ስለሚያውቁ ግራ ገብቷቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ። የትምወርቅ ልጁን እያጠባች፣ አቀስታ ናቸው፣ ለክርስትናው ይደርሳሉ አለቻቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ዓይንዎን ያብራልን፣ ለዚያ ቀን በሰላም ያድርስዎት። ስሙን አስበውበት ይምጡ።

ልጅዎ