ሳልጠራቸው የበላሁት እራት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፤ ጠዋት

ኦሃዮ ጎዛይማስ፣ ማስታወሻዬ። እንደምን አደርክ ማለት ነው። ካንተ ሌላ የምለው ሰው የለም። ሰርቪሱ እስኪመጣ እደጋግመዋለሁ። ሙቀቱ ከአሁኑ አይጣል ነው። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ይጠብቀኛል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጃፓን፤ የፓምፕ ጥገና ሥልጠና። መ/ቤቱ ሰላምታውን ቀድመህ ተለማመድ ብሎኛል። እሺ። ከማን ጋር?

ረቡዕ 6፤ አመሻሽ

ኔትወርክ መጣ! ትምህርቱን በስልኬ አወረድኩ። «ዋታሺ ዋ ኤቺዮፒያጂን ዴስ።» እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ። «ነኝ» መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደኛ። ደስ አለኝ። ለሰው ልናገር ዞር ስል ግድግዳ።

ደግነቱ ጋሽ ኡሞድ መጡ። የግቢው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እንደኔው ብቻቸውን የሚኖሩ። ማታ ማታ በደጄ ያልፋሉ። እንብላ እላለሁ። ጠግቤያለሁ ይላሉ። እለምናለሁ። ይቀመጣሉ። ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ የባሮ ዓሣ ወሬ። ከሥራ ውጭ ከሰው ጋር የማወራው ያኔ ብቻ ነው።

ዓርብ 8፤ ማታ

አዲስ ቃል፦ ኢታዳኪማስ። ጃፓኖች ከመብላታቸው በፊት ይሉታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑም ጭምር! ይኸው የኔ ቃል፣ አልኩ። እንብላ ለማለት ሰው ያስፈልጋል፤ ይሄኛው ማንንም አይፈልግም።

ሽሮዬን አቀረብኩ። በቪዲዮው እንዳየሁት መዳፎቼን ገጠምኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አልኩት። ጎረስኩ። ቀና ስል ጋሽ ኡሞድ በሩ ላይ ቆመዋል። አፌ ሙሉ ነው። «ብላ፣ ልጄ» አሉና አለፉ።

ሮጬ ልጥራቸው? ጀምሬ? አፈርኩ። የቀረውን ሽሮ ከደንኩት።

እሑድ 10፤ ከሰዓት

ትናንት አላለፉም። ዛሬ ከቤ/ክ ሲመለሱ በጓሮ ዞሩ። ቅር ብሏቸዋል። እኔ ሞኙ፣ ጃፓን ሄጄ ብቸኝነቱን እንዴት እችለዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ፣ እዚሁ ያለኝን አንድ ሰው አስቀየምኩ። ከፋኝ። ስልኩን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

እሑድ፤ አመሻሽ

ዓሣ ገዝቼ ጠበስኩ። ብቻዬን አልነካውም። በደጄ እስኪያልፉም አልጠብቅም፤ ሳህኑን ይዤ እኔው በራቸው ላይ እቆማለሁ። ጃፓንኛው ይቆየኝ። መብራታቸው በርቷል። መጀመሪያ ጠግቤያለሁ ይላሉ። እለምናለሁ። በቃ፣ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ልሂድ።