ለታሰረው ሰዓቴ ምትክ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ፍሬሕይወት ደምሴ፣ ካለሽበት ሻርጃ።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? ሙቀቱንስ እንዴት ቻልሽው? እኛ የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ ስናማርር ኖረን፣ ካንቺ አገር ለፈቃድ የመጣችው ኢልሀም የዚያችኛዋን ስታወራልን የኛይቱ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን መሆኗን ተረዳን። እኛ በሕፃኗ፣ አንቺ በእናቲቱ እየተጠበስን ፈጣሪ በሕይወት አቆይቶናል፤ ተመስገን። እማዬ ደኅና ናት፤ አባባ ደኅና ናቸው፤ ላሟ ወልዳለች፤ የጓሮው ፓፓያ ከአቅሙ በላይ አፍርቶ በባላ ተደግፎ ቆሟል። ደኅና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የታመመው ደግሞ ሰውነቴ ሳይሆን ትዕግሥቴ ነው።

በስልክ እየተገናኘን ወረቀት ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። አባባ የአንቺን ድምፅ በስፒከር ለጎረቤት ካላሰሙ የሰሙት አይመስላቸውም። አንቺ ከዚያ ሆነሽ አንድ ነገር ለብቻህ ልንገርህ ስትዪ፣ እዚህ ቤት የሞላው ሰው ዝም በሉ፣ ለብቻው ልትነግረው ነው ይባባላል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለኢልሀም በእጇ ሰጥቻታለሁ። የባለሱቁ የጋሽ አብዱልፈታህ ልጅ ናት፤ ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው መመለሷ ነው። ምሥጢር ትጠብቃለች፤ ቢያንስ አውሮፕላን ውስጥ እስካለች ድረስ።

ዋናውን ጉዳይ ላስቀድም። አባባ ያስመረጡሽን ያን በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ ትልቅ ሰዓት እንዳትገዢ። ለአንተ ሩጫ ከሆነማ የፋሲካውን ትኬት ትቼ እገዛልሃለሁ፣ ለዘንድሮ አልመጣም ያልሽበትን የድምፅ መልእክት ማሳ ላይ ብቻዬን ሰምቼዋለሁ፤ ለማንም አላሰማሁም። እትዬ ፍሬ፣ ያ ሰዓት ለእኔ አይደለም። ለድንጋይ ነው። ድንጋይ ስልሽ ሰው መስደቤ እንዳይመስልሽ፤ መሬት ላይ የተቀመጠውን፣ በሬ የሚሰናከልበትን እውነተኛውን ድንጋይ ማለቴ ነው። ከሥሩ ላስረዳሽ።

አንቺ የላክሽልኝ ሰማያዊው ሰዓት ተበላሸ ብለን ነግረንሽ ነበር። ውሸት ነው። ሰዓቱ ታስሯል።

ከጋሽ ወርቁ ጋር የምንዋሰንበትን የሽንኩርት ማሳ ክርክር ከመሄድሽ በፊት ጀምሮ ታውቂዋለሽ። የድንበሩ ድንጋይ በየዓመቱ እግር ያወጣል፤ አንዱን ዓመት ወደ እኛ፣ አንዱን ዓመት ወደ እሳቸው ይሄዳል። ማን እንዳስኬደው የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱም ባለድንበሮች ግን ወገባቸውን ያማቸዋል። ነሐሴ ላይ አባባ ሰዓቴ የሮጥኩትን ርቀት እንደሚለካ ሰሙና ማሳውን ዙረው አሉኝ። ዞርኩ። በማግሥቱ በሽማግሌዎች ፊት ድገመው ተባልኩ፤ ደገምኩ። ሰዓቱ ከትናንቱ ጥቂት ሜትሮች ጨምሮ ተናገረ። ሳተላይት አንዳንዴ ትንሽ እንደሚስት ላስረዳ ስል ጋሽ ወርቁ ተነሡና፣ "የደምሴ መሬት ሌሊት ሌሊት ይፋፋል ማለት ነው?" አሉ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሳይበርድም የደምሴ ልጅ ሰዓት ለደምሴ እንጂ ለማን ይመሰክራል፣ የሚታመን ከሆነ ዋስ ይጥራ ብለው ተቀመጡ።

ለሰዓት ዋስ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ መስፍን ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ለዚህ ሰዓት ዋስ የሚሆን አለ ወይ ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። ለሚዋጋ በሬ፣ ለሚሰክር አማች፣ ለሚጠፋ ብድር ሳይቀር ዋስ ሆኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። አባባ እንዳይሆኑ ባለጉዳይ ናቸው፤ እኔ እንዳልሆን ባለንብረቱ ነኝ። ዋስ ያጣ ደግሞ እንደምታውቂው ይታሰራል። ጋሽ መስፍን ወደ እኔ ዞረው ሰዓቱ የሄደበትን ያውቃል ወይ አሉኝ። ያውቃል አልኩ። የቆመበትንስ አሉኝ። ያውቃል አልኩ። ከቆመበት ቢያነቃንቁትስ? እሱንም ያውቃል አልኩ፤ ጉድ ያደረገኝ ኩራቴ ነው። እንግዲያው ድንጋዩ መሐል ላይ ይተከል፣ ሰዓቱም ከድንጋዩ ሥር ይታሰር፣ ድንጋዩን የነካ ሰው በሰዓቱ ይጋለጥ ብለው ፈረዱ። ባትሪው ከሳምንት አያልፍም ልል አፌን ስከፍት አባባ እግሬን ረገጡኝ፤ የረገጡትም ሩጫ ጥፍሩን የነቀለውን ጣቴን መርጠው ነው። ሰዓቱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ መርቀው ቀበሩት። የቀረው ሙሾ ብቻ ነበር።

የሚያናድደኝ ነገር፣ ፍርዱ ሠርቷል። ድንጋዩ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ሲተያዩ ፊታቸውን ያዞሩ የነበሩት ሰዎች ዛሬ የመስኖ ተራ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቦዩን ይከፍትለታል። ይህ ሁሉ ሰላም የቆመው ሳምንት ሳይሞላው በሞተ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ደግሞ ደጃፌ ላይ ሆኜ ብጣራ በሚሰማበት ርቀት የተቀበረ ሰዓት እያለኝ፣ ምትክ ስጡኝ እያልኩ ባሕር ማዶ እለምናለሁ። ቆፍሬ ላውጣው ብል እርቅ አፍራሽ ነኝ።

ያለ ሰዓት ልሩጥ እንዳልል የደብረ ብርሃኑ አሰልጣኝ አለ። ለክለቡ ማጣሪያው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የሚጠራውም የልምምዱን መረጃ በየሳምንቱ ከሰዓቱ የሚልክ ልጅ ብቻ ነው። ለጊዜው አባባ እኔ እለካሃለሁ ብለው በቢኒያም ባጃጅ እየሄዱ አስፋልቱ ዳር ካለው የኪሎ ሜትር ምልክት ሥር የእጅ ሰዓታቸውን ይዘው ይቀመጡ ጀመር። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን መንገደኛ ሰላም ሲላቸው የከብቱን፣ የዘመዱን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቀው ሳይጨርሱ ሰዓት አያዩም። በእሳቸው መዝገብ በገበያ ቀን ከኤሊ እኩል ነው የምሮጠው። ይህን ለአሰልጣኙ ብነግረው አባትህ ሳተላይት ናቸው ወይ አለኝ። እስከ ገና ሰዓት እጅህ ላይ ካላየሁ ስምህን እሰርዛለሁም ብሏል። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ይህን ሲል ግን አልቀለደም።

አሁን ወደ አባባ ትልቁ ሰዓት ልመለስ። የታሰረው ሰዓት መሞቱን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን ብለው ያምኑ ነበር። ወርቁ ያወቀ ዕለት ድንጋዩ እንደገና እግር ያወጣል እያሉ እንቅልፍ አጡ። በዚህ መሐል በፀሐይ የሚሞላ፣ ቻርጀር የማይጠይቅ ሰዓት አለ ሲባል ሰሙ። ዕቅዳቸው አዲሱን በድብቅ ከድንጋዩ ሥር ቀብረው አሮጌውን ለእኔ ማውጣት ነው። ለአንቺ ግን ለአቤል ሩጫ ነው አሉሽ። አባባ፣ ከድንጋይ ሥር ፀሐይ ከየት ይመጣል ብላቸው ትንሽ አሰቡና፣ "የቆላ ፀሐይ እኮ ድንጋይም ታልፋለች" አሉኝ። ወጥቼ ሮጥኩ፤ በምን ያህል ፍጥነት እንደሮጥኩ ግን የሚያውቅ የለም።

አገር ውስጥ ያለውን ሳትሞክር አስቸገርከኝ እንዳትዪም ሞክሬያለሁ። ጋሽ አብዱልፈታህ ሱቅ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሰዓት ለሙከራ ወሰድኩ። እማዬ እጇ ላይ አስራው ዱቄት ስትነፋ ብዙ መንገድ ተጓዝሽ ብሎ ርችት ተኮሰላት። ሽንኩርት ላይ ብናስረው የሽንኩርቱ ልብ በደንብ ይመታል አለን። ለጋሽ አብዱልፈታህ ይህን ብነግራቸው ሳያፍሩ፣ "ወላሂ ሽንኩርቱ ትኩስ ሆኖ ነው" አሉኝ።

አንቺ የላክሽልኝን የሰዓት ፎቶዎችም አንድ በአንድ አየሁ። አንደኛው መቶ ሜትር ጠልቆ ይሠራል፤ የሮቢ ወንዝ በክረምት ሲሞላ እንኳ መቶ ሜትር የሚጠልቅበትን ቦታ እስካሁን አላገኘሁም። አንደኛው እንዴት እንዳደርኩ ጠዋት ይነግረኛል፤ እሱንማ የቆላ ትንኝ ከማንም ቀድማ ትነግረኛለች። አንደኛው የዓለምን ካርታ ይዟል፤ ከዚህ ጣርማ በር ድረስ ያለው መንገድ አንድ ነው፣ እሱም ሽቅብ ነው። ለሚያስፈልገኝ አይከፈል ማለቴ አይደለም፤ ለማያስፈልገኝ አንቺ ጉልበትሽን እያመመሽ ደረጃ አትውጪ ነው የምለው።

ነገሩ ሁሉ የተፈታው ባለፈው ሐሙስ ነው። ከልምምድ ስመለስ ጋሽ ወርቁ ቦዩ ዳር ተቀምጠው ጠበቁኝ። ግራ ቀኝ አዩና፣ "አንተ አቤል፣ ያ ሰዓትህ ሞቷል አይደል?" አሉኝ። ጥቅምት ላይ ውኃ ሲለቁ ቦዩን ሰብሮ የድንጋዩን ሥር እንደቦረቦረው፣ ሰዓቱ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ሆዱ ጭቃ ሞልቶ እንዳገኙት፣ መልሰው ቀብረው ድንጋዩን እንደነበረ እንዳቃኑት ነገሩኝ። ለምን ለሽማግሌዎቹ አልተናገሩም ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ተናግሬ ምን ላገኝ? ድንጋይ መሸከም ሰለቸኝ ልጄ። አባትህም ወገቡን ያመዋል።"

እኔም የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ አባባ ስላሰቡት የፀሐይ ሰዓትም፣ አንቺ ለዚያ ብለሽ ለፋሲካ ልትቀሪ ስለመሆኑም። ፍሬ ለድንጋይ ብላ ልትቀር አሉ። ከዚያ ከልብሳቸው ላይ አፈር አራግፈው ተነሡ።

"ያን ዕለት ዋስ ሲጠራ መጀመሪያ መሬት መሬት ያየሁት እኔ ነኝ። አሁን እንዲህ ብለህ ጻፍላት፤ ለድንጋዩ ዋሱ እኔ ወርቁ ነኝ። እሷ ትምጣ። ለአባትህ ግን ትንፍሽ እንዳትል፣ መቃብር ከፈተ ይለኛል።"

እንግዲህ አባባ ጋሽ ወርቁ እንዳያውቁባቸው፣ ጋሽ ወርቁ ደግሞ አባባ እንዳያውቁባቸው እየተጠነቀቁ ተስማምተው ይኖራሉ። የሁለቱንም ምሥጢር የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ከታሰረው ሰዓት የምለየው ምግብ ስለሚሰጡኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ እትዬ ፍሬ፣ መጨረሻ ላይ በፎቶ ያሳየሽኝን በቅናሽ ያለውን ሰማያዊውን ግዢልኝ። ከበፊቱ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ቆፍሮ አወጣው እንዳይሉኝ ግድ የለም፣ ጋሽ ወርቁ ያኛው የት እንዳለ በዓይናቸው አይተዋል። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ጠይቂው፤ ስልክ ሳልይዝ ራሱ ሳተላይት ያገኛል ወይ በዪው። ርካሹ ሁሉ የስልክ ጥገኛ ነው፤ እኔ ስልክ ይዤ ዳገት አልሮጥም። ስክሪኑ በጣት ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ተዪው፤ እዚህ ላቤ ከእኔ በፊት ይነካዋል፣ ስለዚህ የሚጫን ቁልፍ ይኑረው። መብራት እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ስለሚመጣ ባትሪው ለቀናት ይቆይ። ያገለገለ ይሻላል እንዳትዪ፤ ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ የሚነግረን የለም። ቻርጀሩን እንዳትረሺ፣ ገመዱ የራሱ ስለሆነ እዚህ አይገኝም። አብራሽ የምትኖረው መሪያም ለወንድሟ ሠርግ ከገና በፊት ስትመጣ ይዛው ትምጣ።

ለአባባ ትልቁን ሰዓት ለምን እንዳልገዛሽ አንቺው በስልክ ንገሪያቸው። ውሸት ፍለጋ አትድከሚ፤ ለፋሲካ ስለምመጣ አልተረፈኝም በያቸው። በስፒከር ነው የሚሰሙት፤ ጎረቤቱ እልል ሲል ድንጋዩንም ፀሐዩንም ይረሱታል።

እማዬ ከነዱቄቷ ትስምሻለች፤ ጉልበትሽን ማታ ማታ በቅባት ማሸት እንዳትረሺ ብላለች። አባባ በቁመትሽ ልክ ሰላም ይሉሻል፤ ይህ ደብዳቤ ስለ ጤና ብቻ የሚያወራ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ቢኒያም ከነባጃጁ፣ ጋሽ አብዱልፈታህ ከነሽንኩርታቸው፣ ጋሽ መስፍን ከነጉባኤያቸው ሰላም ብለውሻል። ለመሪያምና አብረውሽ ላሉት ሁሉ የእኔን ሰላምታ አድርሺልኝ። ጋሽ ወርቁ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለልጄ ለፍሬ ብለው ሰላምታ ልከዋል።

ድንጋዩም ባለበት ሆኖ ሰላም ይልሻል።

ታናሽ ወንድምሽ
አቤል ደምሴ
ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.