ጀይላን ሳይሰማ ያለፈው ወሬ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሳሚያ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። አካም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ያ የምታሚው ሙቀትስ? ሰላምታው ይብቃሽና ወደ ክሴ ልለፍ። የላክሽልኝ ቆብ ጠበበኝ! የአጎትሽን ጭንቅላት ስፋት እያየሽ አድገሽ የሕፃን ቆብ ትልኪልኛለሽ? እናትሽ ሀዲጃ አድርጌው ስታየኝ፣ «እንስራ በስኒ ተከድኖ አየሁ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ አልሳቀችም።

ሳሚያ፣ ስለ ቆብ የማወራው ሌላውን መጻፍ ስላቃተኝ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ደወልኩ፤ ሁለቴም ቀልጄብሽ ዘጋሁት። ወንድምሽ ጀይላን ከጠፋ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡ አምስት ሞተረኞች ከባቲ ወደ አፋር ቆላ ምራን ብለውት፣ የላክሽለትን ጂፒኤስ ሞተሩ ላይ አስሮ ከፊት ወጣ። ድሮ ቆላ ሲወርድ፣ አፋር ባገኘ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሬት ቁጭ ብሎ፣ እንደ አገሩ ደንብ ዳጉ ይለዋወጥ ነበር። የት ዘነበ፣ የቱ ወንዝ ሞላ፣ ማን ታመመ፣ ወሬውን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ። የሁለት ሰዓት መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ፣ «ሞተር የገዛኸው ወሬ ልትለቅም ነው?» እያልኩ አላስቀምጠውም። ጂፒኤሱ የመጣ ዕለትማ፣ «እንግዲህ መንገዱን በውስጡ ያለችው ሴትዮ ትነግርሃለች፤ በየግራሩ ሥር መጎለት ቀረልህ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አፍሮ ሳቀ።

ሞተረኞቹ ተመልሰው እንደነገሩን፣ ደረቁ ወንዝ ጋ ሳይደርሱ አንድ አፋር ሽማግሌ በትሩን ከፍ አድርጎ ሊያስቆማቸው ነበር። ጀይላን በእጁ ሰላም ብሎት አለፈ። ጂፒኤሱ ላይ መንገዱ ወንዙን ቀጥ ብሎ ይሻገራል፤ ደጋው ላይ የዘነበውን ዝናብ አያሳይም። ጀይላን መሃል አሸዋው ላይ ሳለ ጎርፉ ደረሰበት። ሌሎቹ ዳር ቆመው አዩ። ሞተሩ በማግስቱ ተገኘ። እሱን ፍለጋ የሰፈሩ ሰው አምስት ቀን ወንዙን ተከትሎ ወርዶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ዕቃውን ላክሁ ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ። ሰው እያየ ሳይቆም እንዲያልፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሬሳው ባይገኝም ሶላት እንስገድበት ይላሉ። እናትሽ ግን እንቢ ብላለች፤ «ረመዳን ሳይገባ እመጣለሁ ብሎኛል» ትላለች። እኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ተስፋዬ ተሟጧል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ዩሱፍ፣ እስቲ አንድ ነገር በለን» ይለኛል። ምን ልበል?

ባለቤቴ ረቢአ አብዝታ ሰላም ትልሻለች። ትንሿ ልጃችን ሰልማም ስምሽን እየጠራች ነው። እናትሽ ሰላም ብላሻለች ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ በር በሩን እያየች ቃል ከአፏ…

በሩ ተንኳኳ።

አንድ አፋር ሽማግሌ ነው፤ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፣ በትር ይዟል። ገና በሩን ስከፍት «የጀይላን ቤት ነው?» አለ። «አለ ወይስ ሞቷል?» ብዬ ጮኽኩበት። እሱ ግን እንደ ዳጉው ደንብ መሬት ላይ ተቀምጦ በቅድሚያ የእኛን ወሬ ጠየቀ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አሁን ውሃ እየጠጣ ነው። ጣሳውን ሲያስቀምጥ ተራው የእሱ ነው። ሀዲጃ እንደቆመች ናት። ሄጄ እጇን ይዤ ከፊቱ እቀመጣለሁ። ከዝናቡም ቢጀምር፣ ከግመሎቹም ቢጀምር፣ እስኪጨርስ አላቋርጠውም።

አጎትሽ ዩሱፍ
ከሚሴ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.