ሰልባቲዮው ይተንፍስ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 2011 ዓ.ም.

ውድ ናሁሰናይ፣

ስልኬን ስለማታነሳ ጻፍኩልህ። ቡሬ ድረስም መጥቼ ነበር። ዘበኛችሁ በሩን ገርበብ አድርጎ «እሷን አታስገባ ተብያለሁ» አለኝ፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ደክሞኛል፤ ይቅርታህን መጠበቅ ካቆምኩም ቆይቻለሁ። የምጽፈው እሑድ እህትህን ፀደንያን ከኋላህ አስቀምጠህ ልትነሳ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ሞተሩ አየር ላይ እንደገና ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ አሁን አውቄዋለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያን ቀን አንተም አትረሳውም። ከቡሬ ወጣ ብሎ ጤፉ የተነሳበት ሜዳ ላይ ሰው እንደ ገበያ ተሰብስቧል፤ ከሽንዲ ድረስ የመጡ ነበሩ። አንተና እኔ በአባትህ መጋዘን ውስጥ ከላሜራና ከሸራ የሠራናት አውሮፕላን በአሮጌ የቮልስ ሞተር ተነሳች። ሰው እልል ሲል እኔ የማዳምጠው ሞተሩን ነበር። ሜዳውን አንዴ ዞረህ ሁለተኛውን ስትጀምር ድምፁ ሳሳ፣ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን ጎህ ሲቀድ ይቀሰቅሰኛል። እንደምንም ገለባው ላይ አሳረፍካት። አንድ ክንፍ ተሰበረ፣ የእጅህ አንጓ ወለቀ፣ አንተ ተረፍክ።

እየሮጥኩ ስደርስ አጎትህ ጋሽ ባንተአምላክ ቀድመውኛል።

«ካርቡሬተሩን ማነው የገጠመው?» አሉ።

አንተ በደህናው እጅህ ወደ እኔ ጠቆምክ።

«ብዬ ነበር እኮ። ይቺ ልጅ እንኳን ሞተር፣ ፋኖስም አታስተካክል!»

ሰው ሳቀ። አንተም ፈገግ አልክ። ሕመሙ ነው ፊቱን ያጣመመው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ባሕር ዳር ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የተማርኩትን እኔን፣ አንተ ሸራ ስትወጥር ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትቼ የገጠምኩትን እኔን፣ በአንድ ጣት አስረክበኸኝ ፈገግ አልክ። በሳምንቱ የመጋዘኑ ቁልፍ ተቀየረ። ከክንፉ ሥር ከስምህ ጎን የነበረው ስሜም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጠፋ።

ያን ዕለት ግን ከመባረሬ በፊት የቻልኩትን ፈትሼ ነበር። አጎትህ እሳት እንዳይነሳ ብለው የቤንዚን መያዣውን፣ ሰልባቲዮውን፣ አስከፍተው ቤንዚኑን አስቀድተዋል። የተቀዳውን በጠርሙስ አየሁት፤ ውሃ የለበትም። ጥቂት መልሼ ጨምሬ የካርቡሬተሩን ቱቦ ነቀልኩት፤ ቤንዚኑ ያለ ችግር ወረደ። ፊልትሮው ንጹሕ ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ አልነበረችም። ሁሉም ደህና ነበር፤ ያሳበደኝም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስሄድ፣ ምግብ ላይ ስቀመጥ፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ያንኑ ቱቦ በሐሳቤ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ፀደንያ እዚህ ፍኖተ ሰላም ከምትማርበት ክፍል ስትወጣ ወደ እኔ ጎራ አለች።

«እታለም፣ እሑድ ትመጫለሽ? ናሆ እኔን ይዞ ሊበር ነው።»

«የእኔ መምጣት ምን ያደርጋል?»

«እሱማ ቀንታ ነው የምትዘጋን ይላል።»

«በምኑ ልቅና፣ በወለቀው እጁ?»

ሳቀች። ከዚያ በኩራት ነገረችኝ፤ አዲስ ካርቡሬተር እንዳስመጣህ፣ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ግማሽ ቀን ሲሠራ ውሎ አንዴም እንዳልጠፋ። «ደግሞ እንደ በፊቱ ቤንዚን አይሸትም። ለእኔ ሲል ፌስታሉን ደርቦ ነው የሚከድነው።»

«የምን ፌስታል?»

«ክዳኑ ሥር ነዋ። ያኔም እኮ አድርጎት ነበር፤ ቤንዚኑ እየተረጨ ነጭ ሸሚዙን እንዳያበላሽበት። እማዬ አረቄ ስትልክ እንደምታደርገው።»

ናሁሰናይ፣ ይኸው ነው። ከማንኩሳ ዘይት ወይም አረቄ በአውቶቡስ የሚልክ ሰው ሁሉ የጀሪካኑን አፍ በፌስታል ሸፍኖ ይከድነዋል። አንተም እኔም እንደዚያ ሲደረግ እያየን ነው ያደግነው። ለጀሪካን ጥሩ ነው። ስለዚህ ስህተት ነው ብለህ አልጠረጠርክም፤ ልትነግረኝም አላሰብክም። ነገር ግን ክዳኑ ላይ የበሳሁት ቀዳዳ ለጌጥ አልነበረም። ሰልባቲዮው የሚተነፍሰው በእሱ ብቻ ነው። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አየር ካጣ ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ቀጥሎ ይቆማል። ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ እኔም የፈተሽኩት ከተከፈተ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥም በየጊዜው ክዳኑን ከፍተህ እየጨመርክ ስለምታሠራው አየር ይገባለታል፤ ሊጠፋ አይችልም። አዲሱ ካርቡሬተር የፈወሰው ነገር የለም።

በቃል ብቻ እንድታምነኝ አልፈለግሁም፤ ለፀደንያም አሳየኋት። ክዳኑ የተበሳ ጀሪካን ውሃ ሞልተን አጥሩ ላይ ሰቀልነው፤ ከሥሩ ቱቦ አወጣሁለት። መጀመሪያ ያለ ፌስታል ወረደ። ቀጥሎ እሷው ራሷ በፌስታል ከደነችው። ውሃው ቀጠነ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ። የጀሪካኑ ጎኖች ወደ ውስጥ ገብተዋል።

«አለቀ?» አለችኝ።

«ነቅንቂው።»

ነቀነቀችው፤ ገና ግማሽ ነበር። ክዳኑን ስታላላው አየሩ እየጮኸ ገባ፤ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እሱ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው አንቺ ጻፊለት፣ እኔ አደርሳለሁ። እኔ ብነግረው ፈርታ ነው ይላል። እኔ ብቀርም ብቻውን ይነሳል፤ ታውቂው የለ?»

አውቅሃለሁ። ስለዚህ ልብ ብለህ ስማኝ። ፌስታሉን አውጣ። ቤንዚን እንዳይረጭ ከፈለግህ ክዳኑ ላይ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አስበይድ፤ አፉ ወደ ፊት ይታጠፍ፣ ነፋሱ እንዲገባበት። ተርብ ጎጆ እንዳይሠራበት በስስ ወንፊት ሸፍነው። ከዚያ ጭራዋን ከግንድ ጋር አስረህ፣ አፍንጫዋን ቀና አድርገህ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ አየር ላይ ከምትቆይበት ጊዜ በላይ አሠራት። በዚያ ካለፈች ብረር። እኔም በደስታ ቀና ብዬ አይሃለሁ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅህም። አዲሱን ካርቡሬተር የገጠምኩት እኔ አይደለሁምና፣ እንደገና ብትወድቅ የእኔ ንጽሕና ያለ ምስክር ይታወቅ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በዚያ መንገድ መታወቁን አልፈልገውም። ስሜን የምፈልገው አንተ ቆመህ፣ በጤናህ፣ በራስህ አፍ ስትመልስልኝ ነው።

እሑድ እመጣለሁ። ከመነሳትህ በፊት በዚያው ሰው ፊት፣ ጋሽ ባንተአምላክም ባሉበት፣ አውሮፕላኗን አስረህ ሰልባቲዮዋን በፌስታል ክደንና አስነሳት። ስትጠፋ ሁሉም ይስማ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተህ መልሰህ አስነሳትና ምክንያቱን ተናገር። ያን ካደረግህ አንዲት ቃል ሳልጨምር እመለሳለሁ። ካላደረግህ ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ከጎማዋ ፊት መሬት ላይ ተቀምጬ ታገኘኛለህ። አጎትህ ያስጎትቱኝ፤ እየተጎተትኩም ቢሆን እናገራለሁ፣ ድምፄን ታውቀዋለህ።

እስከ እሑድ መሬት ላይ ቆየኝ።

አምለሰት